የሚረሳው ሰዓት

መርማሪዋ ስትደርስ ጠጋኙ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። እጁ ካቻቪቴ ጨብጧል፤ ማጅራቱ ላይ ደም ደርቋል። ከበላዩ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የሞተም ያለም እንደማይገደው፣ ሰዓት ይቆጥራል።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ታላቅ ወንድሙ። «ማታ ሲሠራ ትቼው ተኛሁ። ኮምፒውተሩም እንደበራ ነው ያደረው።»

መርማሪዋ የሟቹን ክንድ ነካች። ቀዝቅዞ ደርቋል። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች።

«ይሄ ሰዓት ልክ ነው?»

«ጠግኜዋለሁ ብሎ እራት ላይ ሲጎርርብን ነበር።»

በር ላይ የቆመው የሟቹ ባልደረባ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው አፈረ።

«የቱን ጠግኖት! ይሄ ኮምፒውተር ሲፈጠር ሰዓት የለውም። ሰዓቱ በኋላ የተጨመረ ቺፕ ነው፤ የባትሪው መስመር ደግሞ ዝጎ ተበልቷል። ሲያጠፉት ሁሉን ይረሳል፤ ሲያበሩት ከዜሮ ይነሳል። ስንት ታገልነው! እሱ ግን ተሸነፍኩ ማለት ሞቱ...» ምላሱን ነከሰ።

«አንተ መቼ መጣህ?»

«አንድ ሰዓት እንኳ አልሆነኝም። የግቢው በር ተቀርቅሮ ነበር፤ እማማ ከፈቱልኝና አብረን አገኘነው።»

እናትየው ጥግ ላይ፣ የባዶ ስክሪን ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ማታ የሰሙት ነገር አለ?»

«ምንም» አሉ። ቶሎ አሉት።

«ይቺ ክፍል የማን ነበረች?»

«ለታናሹ ሰጠኋት፣ ለሥራው። ታላቁ ከሚስቱ ተጣልቶ መጣና... ልቀቅ፣ አልለቅም። ወንድማማች አይደሉ?»

መርማሪዋ ሳሎን ደርሳ ተመለሰችና ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመች።

«ይሄ ሰዓት ቀኑን አያውቅም። የሚያውቀው ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነው ብቻ ነው። ከበራ ገና ሁለት ሰዓቱ ነው ይላል። ሰውየው ግን ማታ ነው የሞተው። የሞተ ሰው ጠዋት ተነስቶ ኮምፒውተር አያበራም።»

«መብራት ጠፍቶ መጥቶ ይሆናላ!» አለ ወንድምየው።

«እንደዚያ ቢሆን ሳሎን ያለው በመብራት የሚሠራ ሰዓትም ይዛባ ነበር። እሱ ልክ ነው። ይሄ ሲበራ የግቢው በር ተቀርቅሯል፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። ደሙ ያለው ደግሞ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው። ማታ ተገፍቶ ወደቀ፤ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የያዘው እንዲመስል ኮምፒውተሩ ጠዋት በራ። ሰዓቱ ተጠግኗል ብለህ አመንክ፤ ስለዚህ መቼ እንደበራ ይናገራል ብለህ አልፈራኸውም።»

«እኔ ነኝ ያበራሁት» አሉ እናት።

መርማሪዋ ከኮምፒውተሩ ፊት ዞር አለችላቸው። «እስኪ ያጥፉልኝ፣ እማማ።»

ተነሱ። እጃቸው የኮምፒውተሩን ፊት ዳበሰ፤ ቁልፎቹን ዳበሰ፤ ጎኑን ዳበሰ። እንደገና ፊቱን።

«ተይው፣ እማዬ» አለ ታላቁ። እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሰደደ፤ ሳያይ አገኘው። ቀጭ። ስክሪኑ ጨለመ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። ማወቋ ለማንም አልጠቀመም።

ፖሊሶች ታላቁን ይዘውት ሲወጡ ባልደረባው የሚያደርገው ጠፍቶት ኮምፒውተሩን መልሶ አበራው። የመጀመሪያው ቀን። ዜሮ።

እናት ቁጥሩን አዩት።

«ሁሉን ረሳው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታድሎ» አሉና ካርቶኑ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።