ከኬላው ማዶ እንጭናታለን

ማመን የማይፈልግ ሰው አሁኑኑ ይውጣ፤ አልቀየመውም። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ነሐሴ አጋማሽ። ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ። ቦታው ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና በሚመጣው መንገድ ላይ፣ ከአንጋጫ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ኬላ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። ጭጋግ ነበር እንጂ ቀን ነበር።

ስሜ ምሕረት ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ፋርማሲስት ነኝ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ላይ ስስቅ ነው የኖርኩት። አሁን እናንተ ሳቁብኝ።

ታናሽ እህቴ ሔዋን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ታፍና ከረመች።

"ምህሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሰጂኝ። ሀምበሪቾ ተራራ ላይ ፎቶ ልነሳ" እያለች ነዘነዘችኝ።

እናታችን ገነቴ ክረምት ላይ መንገድ አትወድም። እኔ ነኝ ለምኜ ያስፈቀድኩት። "ኃላፊነቱ የእኔ ነው" አልኳት። በራሴ አፍ።

ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሄድን። ተራራው በጉም ተሸፍኖ ምንም አላየንም። ሔዋን ግን ነጭ ጉም ፊት ቆማ አርባ ፎቶ ተነሳች። ስንወርድ በቂጧ ተንሸራታ እኔ በሳቅ ልሞት ነበር።

ዱራሜ መናኸሪያ ስንመለስ ዝናቡ ወርዶ ሰውም መኪናም ተበትኗል። ለመውጣት የተዘጋጀ አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር። ሹፌሩ ዳኘ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ነው።

"ያለኝ አንድ ቦታ ነው" አለ። "ሁለተኛዋ ትርፍ ናት።"

"እሺ፣ ኬላው ጋ እንወርዳለን" አልኩት።

የእኛን መንገድ የምታውቁ ይህን ታውቃላችሁ። ትርፍ የተጫነ ሰው ኬላው ከመድረሱ በፊት ይወርዳል። እንደ ማንኛውም መንገደኛ እጁን ኪሱ ከትቶ ትራፊኩን በእግሩ ያልፋል። መኪናው ከማዶ ቆሞ ይጠብቀውና ይጭነዋል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ!

ታላቋ እኔ ስለሆንኩ የምወርደው እኔ እንደሆንኩ ተነጋግረን ነበር። ሔዋን ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩ አጠገብ በተጋደመችው ጣውላ ላይ ተቀመጥን።

ኬላው ሲቃረብ መኪናው ቆመ። ዝናቡ ብሶበታል።

"አንዳችሁ ቶሎ በሉ!" አለ ዳኘ።

ፀጉሬን በዋዜማው ነበር የተተኮስኩት። እሑድ የጓደኛዬ ሠርግ ነበረ።

"አንቺ ውረጂ" አልኳት ሔዋንን።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"ፀጉሬ ይበላሻል። ሁለት መቶ ሜትር ናት። ጨው አይደለሽ፣ አትሟሚ!"

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

"ብቻዬን ነው?" አለች ቀስ ብላ።

"ሔዋን፣ ሰው አታስጠብቂ። ስልክሽን ስጪኝ፣ ይረጥባል።"

ስልኳን ሰጥታኝ ወረደች።

"ከኬላው ማዶ እንጭናታለን" አለ ዳኘ፣ ነዳጁን እየረገጠ።

በመስኮቱ ዞሬ አላየኋትም። ወንበሯ ላይ ተደላድዬ እየተቀመጥኩ ነበር።

ትራፊኩ በመስኮት እጁን አስገብቶ አንድ በአንድ ቆጠረን። "መልካም፣ ሂዱ" አለ። አለፍን። ኩርባውን ዞረን ቆምን።

አምስት ደቂቃ...

አስር ደቂቃ...

ከኔ አጠገብ ኢልሃም የምትባል ሆሳዕና ሱቅ ያላት ሴት ነበረች። "ሕፃን ናት እንዴ? ምን ያህል ይርቃል?" አለችኝ።

"አሁን ትመጣለች" አልኳት።

ያኔ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጭቃ ውስጥ... ጭልቅ... ጭልቅ...

ደስ አለኝ። ግን ኮቴው የአንድ ሰው አልነበረም። ብዙ ሰው ነው። በመኪናው ዙሪያ ብዙ ሰው ይራመዳል። በመስኮቱ ሳይ ጭጋግ ብቻ ነው።

ከዚያ መስታወቱ ተንኳኳ። በበሩ በኩል አይደለም፤ በሌላኛው በኩል።

ኢልሃም ክንዴን ጨበጠች። "በዚያ በኩል እኮ ገደል ነው..." አለች በሹክሹክታ።

ዳኘ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። እጁን ዘርግቶ በሩን ከፈተ። "ግቢ፣ ግቢ! አስመሸሽን እኮ!"

አንዲት ሴት ገባች።

ሔዋን አይደለችም።

አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ቡናማ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ያ ሁሉ ዝናብ አንድ ጠብታ አልነካትም። ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጣውላዋ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ጉልበቴን ነካኝ።

"ሙሉ ነን" አለና ዳኘ ሞተሩን አስነሳ።

"ቆይ! ይቺ እህቴ አይደለችም!"

"አንዷ ወረደች፣ አንዷ ገባች። ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ጋሽ ዳኘ፣ በማርያም! ይህችን ሴት አላውቃትም!"

"ኧረ እህቴ፣ አታስመሺን!" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "ቤታችን እንግባበት!" አለ ሌላው። ሁሉም እህቴ የገባች ይመስል ያዩኝ ነበር።

ኢልሃምን አየኋት። እሷ ግን ሙስባሃዋን አውጥታ መቁጠር ጀምራለች። "እኔ ምንም አላየሁም" አለች ዓይኗን ሳታነሳ።

በሩን ራሴ ከፈትኩት።

"ሔዋን!"

"ምህሬ!... የት ነው የቆማችሁት?"

እሷ ናት። ድምጿ ቅርብ ነው፤ አስር እርምጃ ቢሆን ነው።

"እዚህ! ወደ ድምፄ ነይ!"

"ሰዎቹ... ሰዎቹ አያሳልፉኝም! ምህሬ፣ ነይና ያዢኝ!"

አንድ እግሬን መሬት ላይ አደረግሁ። ሴትየዋ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። እጇ ይሞቅ ነበር። ቢቀዘቅዝ ይሻለኝ ነበር።

"ከወረድሽ በአንቺም ቦታ ሌላ ይገባል" አለችኝ በጆሮዬ።

"ማነሽ አንቺ?"

"እኔንም ታላቅ እህቴ ናት ያወረደችኝ።"

እጄን ለማስለቀቅ ሳብኩት።

"ሰው ካልወረደ ሰው አይገባም" አለች። "አንቺ ስታወርጃት እኔ ገባሁ። ዕድሜ ይስጥሽ።"

ከውጭ ሔዋን ማልቀስ ጀመረች። ስሜን እየጠራች ነው የምታለቅሰው። ታናሽ ያላችሁ ይህ ለቅሶ ይገባችኋል።

እግሬን ወደ ውስጥ መለስኩት።

በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለአባ እንኳ አልተናዘዝኩም፤ ለእናንተ ነው የምነግራችሁ።

ሆሳዕና ስንደርስ ሴትየዋ ቀድማ ወረደች። መናኸሪያው መሐል ቆማ ፎቆቹን ታይ ነበር። ከዚያ አንዱን ሰው አቅጣጫ ጠይቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እህቴን ፖሊስ ፈለገ፤ የሰፈር ሰው ፈለገ፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ከኛ ጋር ገደሉን ወርደው ፈለጉ። ጫማዋ እንኳ አልተገኘም። ትራፊኩ በእግሯ ያለፈች ልጅ አላየሁም ብሎ ማለ።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግማ የምትጠይቀኝ። "ለምን እሷ ወረደች?" ዝናቡ በርትቶ ነበር እላታለሁ።

ውጤቷ መጣ። አልፋለች።

ለምን ራስሽ ሄደሽ በቦታዋ አልወረድሽም ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ቅዳሜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ትርፍ ሆኜ ተጫንኩ። ሦስቱንም ጊዜ ኬላው ሲቃረብ ቂጤን ከጣውላው ማንሳት አቃተኝ። ሹፌሮቹ እየተሳደቡ በእኔ ፋንታ ሌላ ሰው አወረዱ። የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ግን አንድ ሐሳብ ይዤ ተመለስኩ።

ክሊኒካችን ውስጥ አዶናይ የሚባል አዲስ የላብራቶሪ ባለሙያ አለ። ከሐዋሳ ነው የመጣው። እዚህ ዘመድ የለው፣ ጓደኛ የለው። ቅዳሜና እሑድን ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው።

"ሀምበሪቾን አይተኸዋል?" አልኩት።

"ፌስቡክ ላይ!" ብሎ ሳቀ።

"ቅዳሜ ልውሰድሃ።"

እንዴት ደስ እንዳለው! አዲስ ጃኬት ገዛ። ቀኑን ሙሉ ስለ እናቱ፣ ስለሚያገባት ልጅ ሲያወራልኝ ዋለ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ መሆኑን አውቄ ነው ያደረግሁት።

ስንመለስ ትርፉ እሱ ነበር። እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ኬላው ሲቃረብ ምን ማድረግ እንዳለበት ነገርኩት።

"በእግሬ ነው የማልፈው? ይሄማ ደስ ይላል!" አለ።

"ሁለት መቶ ሜትር ናት" አልኩት።

ወርዶ ጭጋጉ ውስጥ እጁን እያውለበለበልኝ ሄደ።

ትራፊኩ ቆጠረን። አለፍን። ኩርባውን ዞረን ቆምን። ኮቴው መጣ። ከገደሉ በኩል መስታወቱ ተንኳኳ።

ዘልዬ በሩን ከፈትኩት። "ሔዋን! ግቢ እናቴ! ግቢ!"

አንድ ሽማግሌ ገቡ።

ጋቢያቸው ደረቅ ነው። አዶናይ የተቀመጠበት ላይ ቀስ ብለው ቁጭ አሉና እፎይ አሉ።

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ።

"እህቴስ?" ጮህኩ። "ሰው ያወረድኩት ለእሷ ነው! እሷ ናት መግባት ያለባት!"

ሽማግሌው አዩኝ። የዋህ ፊት ነበራቸው።

"ተራ አለ እኮ ልጄ" አሉ።

ያኔ ነፋስ መጣና ጭጋጉ ለአፍታ ገለጥ አለ።

በመንገዱ ዳር ሰልፍ አለ። አንዱ ከአንዱ ጀርባ ቆመዋል። ልጅ ያዘሉ ሴቶች። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች። ዶሮ በእጁ ያንጠለጠለ ሰውዬ። ሰልፉ ኩርባውን ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ እንደገና ታጥፎ ይመለሳል። ማንም አይገፋም። ማንም አያወራም። ሁሉም በሩን ያያል።

መጨረሻው ከፊት ለፊቴ ባለው ዳገት ላይ ነበር። የመጨረሻው ሰው አዲስ ጃኬት ለብሷል። ከእሱ ፊት በእኔ ፋንታ የወረዱት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከሦስቱ ፊት ሔዋን።

በእግር ጣቷ ቆማ፣ ከፊቷ ያሉትን ሰዎች በጣቷ ትቆጥራለች።

ቆጥራ ስትጨርስ አየችኝ። አላለቀሰችም። ስሜንም አልጠራችም። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ አስር ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ።

አጠፈቻቸው።

እንደገና ዘረጋች።

አጠፈች... ዘረጋች... አጠፈች... ዘረጋች...

መኪናው ሲነሳ ገና አልጨረሰችም ነበር።