የላሊሞ ግራ ጉልበት

ሩሐማ የላሊሞን ግራ ጉልበት ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቅባቱን በጨርቅ ጠረገች። ጉልበቱ ምንም አልሆነም። ብሎኑ ጠብቋል፣ ሰው ሠራሹ ጅማትም አልላላም። ላሊሞ ራሱ ያን ሰዓት ከሐይቁ ማዶ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። የሐዋሳው ተንሳፋፊ አዳራሽ በር ከተዘጋበት ሁለት ወር አልፎታል።

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ምስለኔው ነው። ድሮ ሹም ራሱ በማይደርስበት አገር የሚያስቀምጠው ወኪል ምስለኔ ይባል ነበር፤ አሁን ስሙ ለእነዚህ ተጫዋች መሳይ ማሽኖች ተሰጥቷል። የክለቡ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ስድስት ዓመት ሙሉ ቀጂ ልብስ ለብሰው ተጫውተዋል። ልብሱ የእያንዳንዷን ጡንቻ እንቅስቃሴ ከቆዳቸው ላይ እየለቀመ ለክለቡ ያስተላልፋል። ሲሰጣቸው "ከጉዳት ይጠብቃችኋል" ነበር የተባሉት። ቀላል ነው፣ ላብ አይዝም፣ ያምራል። በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ሆነ ነገሩ። የክለቡ ባለቤት አቶ ስንሻው መኩሪያ ቅጂው ሲሞላላቸው ተጫዋቾቹን ሰበሰቡና "ቅጂው የክለቡ ነው ብላችሁ ፈርሙ" አሏቸው። ያለ ፊርማ ምስለኔ ሜዳ ማስገባት በሕግ አይቻልም። ተጫዋቾቹ "ሰውነታችንን አንፈርምም" አሉ። በማግስቱ ሲመጡ በሩን ዘግተው ጠበቋቸው።

ሩሐማ ምስለኔዎቹን የምትጠግን ባለሙያ ናት። በልምምድ ላይ የላሊሞ ምስለኔ፣ ባለ ሰባት ቁጥሩ፣ ዘሎ ባረፈ ቁጥር ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ፊቱንም ያጨማድዳል። ሦስት ቀን ብልሽት ስትፈልግ ከርማለች። ጉልበቱ ውስጥ ስታጣው ቅጂውን ራሱን ከፈተች።

ብልሽት አልነበረም፤ ሕመም ነበር። ላሊሞ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የተጫወተው ጅማቱ ግማሹ ተቀዶ ነው። ቀጂው ልብስ ደግሞ ይህንኑ በየቀኑ፣ በቀይ ምልክት፣ ለአቶ ስንሻው ቢሮ ሲያስታውቅ ኖሯል። ለላሊሞ የተነገረው ግን "ድካም ነው፤ መርፌ ትወጋና ትገባለህ" የሚል ነበር። እንደዚያው በቅባት እጇ ስልክ ደወለችለት።

"ያውቁ ነበር?" አላት ላሊሞ።

"ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ።"

"እኔ እኮ ሰነፍኩ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት" አለና ዘጋው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ለአቶ ስንሻው አያምርላቸውም ነበር። እሳቸው ግን አገራቸውን ያውቃሉ። ሽማግሌ ላኩ። ሦስት አዛውንት ነጠላቸውን አጣፍተው ላሊሞ ደጃፍ ቆሙ። መሪያቸው አባባ ቦጋለ፣ የላሊሞ የመጀመሪያ አሠልጣኝ፣ ናቸው። ግቡ ቢላቸው አልገባ አሉ። "እሺ ሳትለን ወንበርህ ላይ አንቀመጥም" አሉት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደጅ የቆመ ሽማግሌ የሚመልስ ሰው እዚያ ሰፈር ገና አልተወለደም። ይህን የመሰለ ክቡር ነገር ለዚህ ሲውል ማየት ያስጠላል፣ ግን ዋለ። ላሊሞ የተጫዋቾቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ እሱ ከፈረመ ሌሎቹም ይፈርማሉ።

በማግስቱ ዕርቁ ክለቡ ቢሮ ውስጥ ሆነ። ሩሐማም ስለ ማሽኑ እንድታስረዳ ተጠርታ ጥግ ላይ ቆማለች።

"ሽማግሌ አላስቀይምም" አለ ላሊሞ። "ሩጫዬን ውሰዱ፣ ዝላዬንም ውሰዱ። ሕመሜን ግን አትውሰዱብኝ። እሱን ከቅጂው አጥፉልኝ። የሰው መሳቂያ አይሁንብኝ።"

አባባ ቦጋለ ወደ ባለቤቱ ዞሩ። "ምን ይላሉ፣ አቶ ስንሻው?"

"ምን ከፋኝ! ይጠፋል። እምላለሁ፤ ብከዳው ልጄ ይክዳኝ።"

"ቂማችሁን ይንቀልላችሁ።"

"አሜን" አሉ ሁሉም። ላሊሞ ፈረመ። አቶ ስንሻው አቅፈው ሳሙት።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስለኔዎቹ ሜዳ ገቡ። ሩሐማ በመስታወት ከተከለለው መቆጣጠሪያ ክፍል ሆና ሕመሙን በአንድ አዝራር ዘግታለች። ምስለኔዎቹ ዘለሉ፣ ተቀባበሉ፣ አንድም ኳስ አልሳቱም። ተመልካቹ መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ከዚያ ፈንዲሻውን መቆርጠም ጀመረ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ። በዕረፍት ሰዓት ወደ መውጫው ሰልፍ ተያዘ።

አቶ ስንሻው በሩን በርግደው ገቡ። "መልሺው!"

"ምኑን?"

"ሕመሙን ነዋ! ሰዉ እየወጣ አይታይሽም?"

"ጋሼ፣ በሽማግሌ ፊት ምለዋል እኮ።"

"የማልኩት ስለ ሰው ነው። ላሊሞን መቼ ነካሁት? ያውልሽ፣ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይሄ ዕቃ ነው።"

"እኔ አልነካውም" አለች።

"አትንኪዋ!" አሉና አዝራሩን በራሳቸው ጣት ተጫኑት። ማሽኑ ለባለቤቱም ይታዘዛል።

ባለ ሰባት ቁጥሩ ዘሎ ሲያርፍ ተንበረከከ። ግራ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨመቀ። አፉ ተከፈተ። ምስለኔው እያነከሰ ተነሣ፣ ኳሷን ተቀበለ፣ በአንድ እግሩ ዘሎ አስገባ። ያን ጊዜ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ወደ መውጫው የሄዱት እየተጋፉ ተመለሱ። ሴቶች እልል አሉ። አቶ ስንሻውን ያስማሉት አባባ ቦጋለ እንኳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ እንባቸው እየወረደ "አይ ጀግና! አይ ጀግና!" ይላሉ። ተመልካቾቹን ደስ የሚላቸው ሰው ሲያምመው ነው። የከፈሉትም ለዚያ ኖሯል፤ ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ያን ሁለት ዓመትም።

ከአባባ ቦጋለ አጠገብ ላሊሞ ተነሣ። ከሩሐማ በቀር ማንም አላየውም። ደረጃውን ግራ እግሩን እየጎተተ፣ የብረት መደገፊያውን ይዞ መውረድ ጀመረ። የተመልካቹን ድምፅ የሚለቅመው ማይክሮፎን የአንድ ጎልማሳ ጩኸት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ድረስ አመጣ። ሰውየው የለበሰው ባለ ሰባት ቁጥር ማሊያ ጀርባ ላይ "ላሊሞ" የሚል ተጽፏል።

"አንተ ሰውዬ፣ ጋረድከን እኮ! ወይ ቁጭ በል፣ ወይ ቶሎ ውረድ!"

"ይቅርታ" አለ ላሊሞ። ጎንበስ ብሎ ለማለፍ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታጠፍለት አለ።

ሩሐማ ልትደግፈው ወደ በሩ ሮጠች፣ እጀታውንም ያዘች። ልክ በዚያች ቅጽበት ሜዳው ላይ ባለ ሰባት ቁጥሩ በታመመው እግሩ ሊዘል ጎንበስ አለ። ሩሐማ እጀታውን እንደያዘች ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች፤ ኳሷም እስክትገባ ጠበቀች።