ትንሽ ወደ ጓዳ

እዚህ የቴሌግራም ቻናል ላይ ታሪክ የሚልክ ሁሉ «እውነት ነው» ብሎ ይጀምራል። እኔም ያንኑ ነው የምለው፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ... ይህን ስታነቡ ቴሌቪዥኑን አጥፉት።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት አይደለም፣ መብራት አልጠፋም፣ ዝናብም የለም። ፀሐይ ጣራውን አግላው ቆርቆሮው ጧ... ጧ ይላል። ከውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲራገጡ ይሰማኛል።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ገና ጥቂት ወራችን ነው። ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው። ታማ ሞተች።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና... ሞተች እንጂ ከቤቱ አልወጣችም።

ሶፋው ላይ የምትቀመጥበት ቦታ እስከ ዛሬ ጎድጉዶ ቀርቷል። ሪሞቱን አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ በፕላስተር ያሸገችው እሷ ናት፤ በተጫኑት ቁጥር ኮሽ ይላል። ቻናሎቹን የደረደረችውም እሷው ናት። አንድ ቁጥርን ስጫን የሷ ድራማ፣ ሁለትን ስጫን የሷ ዘፈን። እኔ የምወደው ቻናል መጨረሻ ላይ ነው፤ ግባ ያላሉት እንግዳ ይመስል።

በሞተ ሰው ይቀናል?

ይቀናል። በቁሟ ያለች ጣውንት ቢያንስ ታረጃለች። ክፉ ቃል ይወጣታል፣ ወጥ ታሳርራለች፣ ባሏን ታሰለቻለች። የሞተችው ግን ከእንግዲህ ምንም አታጠፋም።

የባለቤቴ እህት ደግሞ ቁስሌን በእንጨት መነካካት ትወዳለች። በቀደም ቤታችን መጥታ ምስሉ ሲቆራረጥ አየችና፣

«እሷ እያለች ይሄ ዲሽ አስቸግሮ አያውቅም» አለችኝ። «እሱ ጣራ ላይ፣ እሷ እዚህ መስኮት ላይ። ቀኝ ግራ የሚባል ነገር የለ! 'ወደ ጓዳ' ስትለው ወደ ጓዳ፣ 'ወደ በር' ስትለው ወደ በር... አንዴ ነው ቀጥ የምታደርገው።»

«ዲሹን ነው ወይስ ወንድምሽን?»

ሳቀች። «ሁለቱንም!»

ቤታችን ከፊት በር፣ ከኋላ ጓዳ ነው። ዲሹ የተተከለው በበሩ በኩል ጣራው ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ገብቶኛል፤ ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበት ቋንቋ ነበራቸው ማለት ነው።

ያን ቀን ለራሴ ማልኩ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ የሷን ቃል በአፌ አላዞርም።

እሁድ ከሰዓት እሱ ጋደም ሲል የሪሞቱን ላስቲክ ቀድጄ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ገባሁ። ሪሲቨሩ «ሁሉም ቻናሎች ይጥፉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

ምን አለበት? ቤቴ ነው። እንደ አዲስ ፈልጌ በራሴ ተራ ላስገባቸው ነው።

ፍለጋውን አስጀመርኩ። ፐርሰንቱ ሄደ... ሄደ... አለቀ።

የተገኘ ቻናል የለም።

ፍሪኩዌንሲውን ከስልኬ ላይ እያየሁ አንድ በአንድ በእጄ አስገባሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሲምቦል ሬቱ ልክ ነው፣ ቨርቲካል የሚለውም ልክ ነው። አሁንም የለም።

ባለቤቴ ዓይኑን እያሸ መጣ።

«ምን ሆነ?»

«ቻናሎቹ ጠፉ።»

«ጠፉ ወይስ አጠፋሻቸው?»

«ያው ነው።»

ስክሪኑን አየ። እጄ ላይ ያለውን ራቁት ሪሞት አየ። ከዚያ መጣያው ውስጥ ያለውን ላስቲክ አየ። አስተያየቱ አንጀቴን አሳረረው። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ!

«ዲሹ ዞሮ ይሆናል» አለና መፍቻውን ኪሱ ከቶ መሰላሉን በበሩ በኩል አስደገፈ። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ዞር አለ።

«ስሚ፣ ሁለት መስመር ይታይሻል። ታችኛውን ብቻ እይልኝ፣ ኳሊቲውን። የላይኛው ውሸታም ነው።»

የሳሎኑን መስኮት ከፍቼ፣ አንድ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ፣ ጆሮዬን ጣራው ላይ አድርጌ ቆምኩ።

«አሁንስ?»

«ዜሮ!»

«አሁንስ?»

«ዜሮ! ወደ ቀኝ አርገው!»

«በማን ቀኝ?»

«በኔ!»

«አንቺ ወዴት እንደዞርሽ እኔ በምን ልወቅ!»

«እንግዲያው ወደ ግራ!»

«እሱስ የማን ነው?»

ልጆቹ ሰምተውን ተንከተከቱ። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

ከዚያ... የኳሱ ድምፅ ቆመ። የልጆቹም።

«እሺ... ወደ ጓዳ» አለ ባለቤቴ።

እኔ ምንም አላልኩም።

ታችኛው መስመር ከዜሮ ተነስቶ አሥራ ሁለት ገባ።

«ምን አልክ?» ብዬ ጮህኩ።

ቆርቆሮው ግው አለ። አንድ እርምጃ።

«ትንሽ ወደ ጓዳ? እሺ።»

ሠላሳ አንድ።

ምናልባት ሳላውቀው እያወራሁ ይሆን ብዬ ከንፈሬን በጣቶቼ ያዝኩት። የምሬን ነው። ቆንጥጬ ያዝኩት።

«እሺ» አለ ከላይ። ድምፁ ለስልሷል። «እሺ፣ ዓለሜ።»

ሃምሳ ስምንት።

መፍራት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። እናንተ ብትሆኑ በሩን በርግዳችሁ ትሮጡ ነበር።

እኔ ግን... ቀናሁ።

«ዓለሜ» ብሎኝ አያውቅም። እኔን «ስሚ» ነው የሚለኝ።

ከዚያ ሳቀ። ዝቅ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ሰው ከሚያምነው ሰው ጋር ብቻ የሚስቀው ሳቅ። ባሌ እንዲህ እንደሚስቅ አላውቅም ነበር።

እና ከጓዳ በኩል...

ኮሽ።

ዞርኩ።

ኮሽ... ኮሽ።

ላስቲክ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ሪሞት የሚጫን ሰው አለ። ሪሞቱ ግን እኔ እጅ ላይ ነው።

ደሜ ፈላ። ፀጉሯን ይዤ ልጎትታት ወደ ጓዳው ተንደረደርኩ። የማንን ፀጉር? እንጃ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመጣልኝም።

ጓዳው ውስጥ ሰው የለም። ባልዲ፣ መጥረጊያ፣ የታጠፈ ምንጣፍ። ሁልጊዜ ዝግ የሆነችው ትንሿ መስኮት ወለል ብላ ተከፍታለች።

የመስኮቷ ደፍ ላይ ላስቲኩ ተቀምጧል።

የቀደድኩት ላስቲክ... አልተቀደደም። ፕላስተሩ እንደ ድሮው ታሽጓል። ልክ የሪሞት ቅርፅ ይዞ ቆሟል፣ ጎኑና ጎኑ ቀጥ ብሎ።

ውስጡ ምንም የለም።

ቀና አልኩ። በመስኮቷ ከላይ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ አልፎ የሁለት ጫማ ጫፍ ይታያል። የባሌ ጫማ።

«ከዚህ በላይ?» ይላል እየሳቀ። «ጠርዝ ላይ ነኝ እኮ።»

ከጓዳው ጀርባ ግቢው ቁልቁል ነው። ከታች ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። ከዚያ የወደቀ ሰው አይነሳም።

በጓዳው በር ወደ ሳሎን ስመለከት ታችኛው መስመር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ዲሹ እኮ በበሩ በኩል ነው። ዲሹን ትቶት ከሄደ ቆይቷል። ታዲያ ቁጥሩ የሚጨምረው ምን ሲቀርብ ነው?

እሱ ሲቀርብ ነው።

እሷን ሲቀርብ።

እንዴት ከቤት እንደወጣሁ አላውቅም። መሰላሉ ሥር ቆሜ ጮህኩ። «ውረድ! አንተ! ውረድ በቃ!»

አልሰማኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ አንድ እግሩን ከፍ አደረገ።

«ወደ...» አልኩና ቃሉን ሳልጨርስ አቆምኩ። መሐላዬ ትዝ አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ባሌ ሊወድቅ አንድ እርምጃ ቀርቶት እኔ በቃል እቀና ነበር!

ቅናቴን ዋጥኩት።

«ወደ በር» አልኩ። አልጮህኩም። ቀስ ብዬ፣ ለስለስ አድርጌ። «ወደ በር... ዓለሜ።»

እግሩ አየር ላይ ቆመ።

ራሱን ወደዚህ ዘንበል፣ ወደዚያ ዘንበል አደረገ፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ እንደጠራው።

«ወደ በር» አልኩት እንደገና። ዕንባዬ እየወረደ ነበር። «ትንሽ ወደ በር።»

ዞረ። መጣ። በእያንዳንዱ እርምጃው በመስኮቱ የማየው መስመር ይወርዳል። ሰባ... አርባ... ዘጠኝ...

እግሩ መሰላሉን ሲነካ ከኋላ የጓዳው መስኮት ጓ ብሎ ተላተመ። ንፋስ አልነበረም። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እኔም ስናደድ እንደዚያ ነው የምዘጋው። እንደዚያ የሚዘጋ የቀና ሰው ነው።

ባሌ ላብ አጥምቆታል።

«ምን ያስጮህሻል?»

«ማንን ነበር የምታናግረው?»

«አንቺን ነዋ። ወደ ጓዳ፣ ወደ ጓዳ ስትይኝ አልነበር?»

«ጓዳ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«ድምፅሽ ነበር። ያንቺው ድምፅ። ብቻ... አልተቆጣሽም ነበር።»

በማግስቱ ዲሽ ሠራተኛ ጠራሁ። ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከላይ ሆኖ ተጣራ።

«እህቴ! በዚህ ዲሽ መጠቀም ካቆማችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«አላቆምንም። እስከ ትናንት ይሠራ ነበር።»

ወርዶ የኬብሉን ጫፍ አሳየኝ። ዝጎ ቡናማ ሆኗል፤ ስትነካው ይረግፋል።

«ይሄ ከተነቀለ ዓመት ያልፈዋል። ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች።» ጫፉን በጣቱ አሽቶ ቀና ብሎ አየኝ። «እስከ ትናንት ምን ነበር የምታዩት?»

«ቀይርልኝ» አልኩት።

አዲስ ኬብል ዘረጋ፣ ዲሹን አጠበቀ፣ ኳሊቲው ጥሩ ገባ። ቻናሎቹ ሁሉ ተመለሱ። እኔም በራሴ ተራ ደረደርኳቸው። የጓዳውን መስኮት በምስማር መታሁት፤ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ላስቲኩን ግን የትም አላገኘሁትም።

ሶፋው ላይ ሆነ ብዬ ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። ባሌንም «ዓለሜ» እለዋለሁ። «እመት» ብሎ ይመልስልኛል። ደስ የሚል ድምፅ አለው፣ ብቻ «ዓለሜ» አይደለም።

አንድ ቀን አብረን እያየን ምስሉ ተሰባበረ። ባሌ ወደ ጓዳው ዘንበል ሲል ምስሉ ጠራ። ቀጥ ሲል ተሰባበረ።

«እዚህ ጋ ይሻላል» ብሎ ወንበሩን ትንሽ ሳብ አደረገ።

በማግስቱ ደግሞ ትንሽ።

«ሠራተኛውን ልጥራው?» አልኩት።

«ለምን? እዚህ ጋ ጥሩ ነው።»

አሁን ጀርባውን ለጓዳው በር አስደግፎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ስጽፍላችሁ እዚያው ነው። ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል አድርጓል፤ በጆሮው የሚነግሩት ይመስል። ምስሉ እንደ መስታወት ጠርቷል። ሪሞቱ እኔ እጅ ላይ ነው፣ ራቁቱን።

ከበሩ ወዲያ... ኮሽ።

ሳቀ። ያንን ሳቅ።

«ወደዚህ ና» አልኩት። «ዓለሜ... ወደዚህ ና።»

ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

«ቆይ...» አለ፣ እየሰማ። «የትኛችሁ ናት የጠራችኝ?»

ከበሩ ሥር፣ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ፣ የላስቲክ ጫፍ ብቅ አለ። ቀስ እያለ ተነፋ። ሟሸሸ። ተነፋ... ሟሸሸ።

ባሌ ሳያይ እጁን ወደ ታች ሰደደና ዳበሰው።

እኔን እንደዚያ ዳብሶኝ አያውቅም።