የቢሆነኝ ጠፍር

እናኑ እርጥብ ጭድ ጨብጣ ቋጥኙን ትፈገፍጋለች። ከማንኩሳ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ያንን የተረገመ ቋጥኝ። ወንድሟ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፊደሉን በሙሉ በከሰል ደርድሮበታል። ትናንትም አጥፍታው ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። የጣሊያን ካሚዮን ከቡሬ መጥቶ እዚህ ሳይደርስ መጥፋት አለበት።

ቢሆነኝ አጠገቧ ቆሞ እጁን ያርገበግባል። የተናደደው ፊደሉ በመጥፋቱ አይደለም፤ ከመሀል ጀምራ በማጥፋቷ ነው። ፊቷን ሳያይ «ከሀ፣ ከሀ» ይላታል። እምቢ ብትለው መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ካሚዮኑም እንደተንከባለለ ይደርስበታል። ስለዚህ ወደ ላይኛው መስመር ተመልሳ ከ«ሀ» ጀመረች።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ታስጨርሰናለህ» አለችው።

ቀልዷን አልነበረም። አባታቸው ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ቆይቷል። ትናንት ደግሞ ጭቃ ሹሙ አያ ዘሩ ቤታቸው መጥቶ እቅጩን ነግሯቸዋል፦ ባንዶቹ ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሕፈት ለአርበኞች የሚተላለፍ ምልክት ነው ብለዋል፤ ልጁ ካልታሰረ ቤቱ ይቃጠላል። አባቱ ጫካ ያለ ልጅ ፊደል ስለሚወድ ብቻ ነው የሚጽፈው ቢባል ማን ያምናል? እናታቸው ካሰች እያለቀሰች ጠፍር አውጥታ እግሩን ከምሰሶው ጋር አሰረችው። ቢሆነኝ ግንባሩ እስኪደማ ራሱን ከምሰሶው ጋር አጋጨ። እናኑ አላስችል ብሏት ፈታችው፤ ጠዋት ላይ ሾልኮ ይኸው ቋጥኙ ዘንድ ተገኘ። የካሰች ቃል አንድ ነው፦ ዛሬ የሚይዘው አስተማሪ ካልተገኘ ከነገ ጀምሮ ይታሰራል።

አስተማሪ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። የሰፈሩ የኔታ ካባረሩት ሰንብተዋል። እሳቸው ዘንድ መማር ማለት መጮኽ ነው፤ ልጁ ሁሉ የየራሱን ትምህርት በአንድ ጊዜ ያንባርቃል፣ ድምፁ የቀነሰ አለንጋ ይቀምሳል። ቢሆነኝ ጆሮውን ይዞ አጥር ሥር ይወሸቅ ነበር። ድምፁ ካልተሰማ ምን ተማረ አሉ። ጽሕፈት ደግሞ እዚያ አይሰጥም፤ ተማሪ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ዝምተኛው ልጅ አመድ ላይ ፊደል ሲጥል ያዩት ዕለት የኔታ አማተቡና ይህስ የሰይጣን እጅ ነው ብለው አሰናበቱት።

ከዚያ ወዲያ መካሪው በዛ። እናኑ ጠበል ውሰጂው ተባለች፣ ወሰደችው። ከብት ይጠብቅ ተባለች፤ እሱ ቅጠል በመጠን በመጠኑ ሲደረድር በሬዎቹ የሰው ጤፍ ውስጥ ገቡ፣ ስድቡን የጠጣችው እሷ ናት። ምክርና ቡጢ ለሰጪው ቀላል ነው ይባል የለ።

የቀሩት መሪጌታ ክንፈሚካኤል ብቻ ናቸው። መጽሐፍ በእጃቸው የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ቋሪት የነበረው ቤታቸው ሲቃጠል ብራናቸውን ተሸክመው ከወንዙ ማዶ እህታቸው ዘንድ ተጠግተዋል። ቁጡ ናቸው፣ ሰውም አይወዱም ይባላል። እናኑ የመጨረሻዋን «ፐ» አጥፍታ ጭዱን ወረወረችና ወንድሟን እየጎተተች ወንዙን ተሻገረች።

መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ የፍየል ቆዳ ለመወጠር ከእንጨቱ ጋር ይታገላሉ። ጠፍራቸው አልቆ የገመድ ቁርጥራጭ ይቀጣጥላሉ፤ ገመዱ እየላላ ቆዳው ይረግብባቸዋል። ቢሆነኝ እጅ አልነሳም፣ ጉልበት አልሳመም። ቀጥ ብሎ ሄዶ እዚያው የተዘረጋ ብራና አጠገብ ተቀመጠና፣ ለመስመር ማስመሪያ ዳርና ዳሩ ላይ በወስፌ የተበሱትን ቀዳዳዎች በጣቱ ይከተል ጀመር።

«ጉልበት የማይስም ልጅ አላስተምርም» አሉ መሪጌታ። «ጠበል ውሰጂው።»

እናኑ ያኔ በቃት።

«የኔታ፣ ጠበል ወስጄዋለሁ። ሰው ሁሉ ምክር ይሰጠኛል፤ አንድ ጠዋት የሚሰጠኝ ግን አጣሁ። እርስዎ ምክሩን ይተዉትና ጠዋቷን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። ልጃገረድ እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ከዚያ አጉረመረሙና ወስፌውን አንሥተው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ሲስቡ ለቢሆነኝ አሳዩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳዩት። ቢሆነኝ ወስፌውን ተቀበለና አሰመረ፤ ቀና ሳይል፣ ሳይናገር፣ ማንም ሳይጮኽበት። መሪጌታ ሥራቸውን እየሠሩ አልፎ አልፎ ያዩታል። የድሮ ደቀ መዛሙርታቸው ወሬ ጆሯቸውን አቁስሎት ነበር፤ ይህ ልጅ ግን እንደሳቸው ዝምታ ይወዳል።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አይሮፕላን መጣ። ቢሆነኝ ወስፌውን ጥሎ ጮኸ፣ ጭንቅላቱን መታ፣ መሬት ላይ ወደቀ። መሪጌታ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። እናኑ ነጠላዋን ራሱ ላይ ጣል አድርጋ አብራው ተኛችና ጆሮው ሥር ቀስ እያለች ፊደሉን ከ«ሀ» ጀምራ ወረደችው። አይሮፕላኑ ወደ ደምበጫ እስኪያልፍ፣ መንቀጥቀጡም እስኪተወው አላቋረጠችም።

«ፊደሉን ማን አስተማረሽ?» አሏት መሪጌታ።

«አጥር ሥር ቆሜ እሱን ስጠብቅ ሰማሁት።»

መሪጌታ ከጥራጊው መሀል አንድ ቁራጭ ብራና መርጠው ለቢሆነኝ ሰጡት፤ እጁን ሲያሳክከው ቋጥኝ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ይጻፍ አሉ። «እቀበለዋለሁ። ግን አንቺም አብረሽው ትውያለሽ፤ እኔ ይህን ማረጋጋት አልችልም። ዝም ብለሽም አትቀመጪም።»

እናኑ ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። ውሃውስ? ወፍጮውስ? እንጨቱስ? ምነው ሁሉ ነገር ዞሮ ዞሮ እሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል? መንገዱን ሁሉ ለራሷ እያጉረመረመች ሄደች። ቢሆነኝ ብራናውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ተከተላት። ቋጥኙ ዘንድ ሲደርሱ ዞር ብሎም አላየው።

ቤት ሲገቡ ካሰች ጠፍሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቅቤ ትቀባዋለች። የልጇን እግር እንዳይልጠው ታለሰልሰዋለች። እናኑ እሱን ስታይ ንዴቷ የት እንደገባ እንጃ። ቁጭ ብላ የመሪጌታን ቃል ነገረቻት።

«አንቺ እዚያ ከዋልሽ ቤቱን ማን ሊይዘው ነው?»

«ውሃውን ጎህ ሳይቀድ እቀዳለሁ። ስመለስ እፈጫለሁ።»

«ካመለጠሽስ? ባስረው አይሻልም?»

እናኑ ጠፍሩን ከእናቷ ጭን ላይ አንሥታ እጇ ላይ ጠቀለለችው። «መሪጌታ ለቆዳው መወጠሪያ አጥተዋል» አለች።

ካሰች ምሰሶውን አየች፣ ልጁን አየች። ቢሆነኝ ጥግ ይዞ ቁራጭ ብራናው ላይ በጣቱ የሌለ መስመር ያሰምራል። እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ።»

እናኑ ጠፍሩን አጥብቃ ያዘች።

«ስጪኝ እኮ ነው የምልሽ። ቅቤው ብራናውን ያበላሽባቸዋል።»

ካሰች ከምድጃው አመድ ዘገነችና ጠፍሩን ትፈትገው ጀመር። እናኑም ተነሥታ፣ ጠዋት እንዳትፈልገው፣ እንስራዋን ወስዳ በሩ ሥር አስቀመጠችው።