ፈራሚዋ ትምጣ

እልፍነሽ ደረቅ ቼክ የሚጽፍን ሰው ከሌባ አሳንሳ ነበር የምታየው፤ ሌባ ቢያንስ ይሮጣል፣ እነዚህ ግን ስንቅ የሌለው ቼክ ፈርመው ሰጥተው ሲያበቁ ተመልሰው መጥተው ያለቅሳሉ። ደብረ ብርሃን ባለው የቀዶ ሕክምና ክሊኒክ፣ ሂሳብ ክፍል ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ፣ ጧት ጧት ከባንክ የተመለሱትን ቼኮች ኮፒ ታነሳና ስምና ፊርማቸው ለሰልፈኛው እንዲታይ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙራ መስታወቱ ላይ ትለጥፋቸዋለች። ማንም አላዘዛትም፤ ከራሷ ያፈለቀችው ዘዴ ነው፣ ትኮራበታለችም። ቼኩ የተመለሰበት ሰው ዕዳውን ከነመመለሻ ቅጣቱ ይከፍላል፤ እስኪከፍል ድረስ በሽተኛም ሆነ ሬሳ ከግቢው አይወጣም። ሰው ሲያናግራት ቀና ብላ አታይም። የምታየው ከመስታወቱ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍተት የሚገባውን እጅ ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የገባው እጅ የአቶ ጥላዬ ነበር። የባለቤታቸው የወይዘሮ በለጡ ቼክ ጧት ተለጥፏል። በለጡ ገበያ ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ቢላዋ ሳይነካት በፊት ለሕክምናው ክፍያ መያዣ የሚሆን ቼክ በገዛ እጇ ፈርማ ሰጠች፣ ከቀዶ ጥገናው ግን አልነቃችም። ባንኩ መሞቷን ሰምቶ ሂሳቧን አገደ፣ ቼኩም ተመለሰ። እልፍነሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ቅጣቱን ከመጻፍ ግን አልተመለሰችም።

«ልጄ፣ እድርተኛው በር ላይ ቆሟል፤ መቃብሩም ተቆፍሯል» አሉ ሽማግሌው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ልቅበራት። ገንዘቡን ሂሳቧ ሲለቀቅ እከፍላለሁ። እኔ ልፈርምልሽ።»

«ስሙ አባባ፣ ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የተመለሰ ቼክ የሚተካው ፈራሚው ራሱ ቀርቦ ነው። ደንቡ ይኸው ነው።»

«ፈራሚዋ እኮ እዚሁ ናት፤ ታች፣ ሬሳ ክፍል።»

«እንግዲያው ቅርብ ናት» አለች እልፍነሽ ደረሰኝ እያገላበጠች። «ትምጣ።»

ሰልፉ ላይ የነበረች አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት አማተበች። አቶ ጥላዬ አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ እጃቸውን ከክፍተቷ ቀስ አድርገው አወጡና፣ «እሺ። እነግራታለሁ» ብለው ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አመሩ። እልፍነሽ በአፍንጫዋ ሳቀች። እንዲህ ያለው ሰው ሬሳ እያናገረም ቢሆን ከመክፈል ያመልጣል ብላ አሰበች።

ጥቂት ቆይቶ በክፍተቷ ብርድ ይገባ ጀመር። የደብረ ብርሃን ብርድ ለማንም እንግዳ አይደለም፣ ግን ይህኛው ከውጭ በር የሚነፍስ ሳይሆን ከወለሉ እየተሳበ የሚመጣ፣ ዝናብ የመታው ሱፍና የመድኃኒት ሽታ የተቀላቀለበት፣ ጣቷን አልፎ እጅጌዋ ውስጥ የሚገባ ብርድ ነበር። ከምድር ቤቱ በኩል ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ተሰማት፤ ጎተት ይልና ያርፋል፣ እንደገና ጎተት ይላል። ጽዳቷ ጫማዋን አውልቃ ነው ብላ ተበሳጨች፤ ነገ ለአስተዳደሩ ትነግርባታለች።

«ቀጣይ!» አለች።

ማንም አልቀረበም። በክፍተቷ አሻግራ ስታይ ሰልፈኛው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ መስኮቱ ፊት አንድ ሰው የሚያቆም ባዶ ቦታ ትቶ ነበር።

«ቀጣይ አልኩ እኮ! ደንቆሮ ነው እንዴ የተሰለፈው?»

«እሳቸው ይቅደሙ እንጂ» አለች ያቺ ያማተበችው ሴት፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

በክፍተቷ ጥንድ እጆች ገቡ። ቆዳቸው ውኃ ውስጥ ያደረ ይመስላል፣ አውራ ጣቶቹም በነጭ ፋሻ አንድ ላይ ስለታሰሩ ተለያይተው መግባት አልቻሉም፤ አንድ ቅጠል ቼክ ጠረጴዛው ላይ አኑረው እንደገቡ ተያይዘው ወጡ። የቆሰለ እጅ መሰላት። ቼኩ ርጥብ ነበር፣ ቀለሙም ገና አልደረቀም። መስታወቱ ላይ ከለጠፈችው ጋር አስተያየችው፤ ያው ፊርማ ነው፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አልቀረችም።

ከስንት ዓመት በኋላ ቀና ብላ አየች። መስታወቱ ፊት ማንም የለም። ሰልፈኛው ግድግዳ ተጠግቶ ወለሉን ያያል።

እልፍነሽ ፍርሃትን ወደ ንዴት መለወጥ ታውቅበታለች። ሽማግሌው ፊርማውን ከለጠፈችው ቼክ ላይ አስመስሎ አስፈርሞ ልኮባታል፣ ይኸው ነው። ይሄ ደግሞ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ክስ ነው፤ እንደማንኛውም ሬሳ አውራ ጣቷ የታሰረው በለጡ መፈረም እንደማትችል ለሽማግሌው ታሳየዋለች፣ ከዚያ ፖሊስ ትጠራለች። ካፖርቷን ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ትታ፣ ቼኩን ጨብጣ ወረደች።

የሬሳ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። አቶ ጥላዬ ደጁ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«የታለች?» አለች እልፍነሽ።

«መጣች አይደል እንዴ፣ ልጄ? ነገርኳት እኮ።»

ገፍታቸው ገባች። አልጋው ላይ የተገለበጠ አንሶላ ብቻ አለ፤ መሐሉ ሰው የተኛበትን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። አንሶላውን ልታነሳ ስታጎነብስ ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፣ መብራቱም ጠፋ፤ ያ የርጥብ ሱፍ ሽታ በአፏም በአፍንጫዋም ሞላና በጀርባዋ አልጋው ላይ ወደቀች። ልትጮህ ፈለገች። አገጯ ከአናቷ ጋር በጨርቅ ተጠፍሮ ታስሯል። እጇን ልትዘረጋ ሞከረች፤ አውራ ጣቶቿ አልለያይ አሏት።

ከላይ፣ ከሂሳብ ክፍሉ፣ የወንበሯ እግር ሲንቋቋ ሰማች።

በሩ ሲከፈት የገቡት እድርተኞቹ ነበሩ። በለጡ ብለው ገነዟት፣ አነሷት። «ገና ሙቀት አላት እኮ» አለ አንደኛው ድንግጥ ብሎ። «ዝም ብለህ ተሸከም፣ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው» አሉት አቶ ጥላዬ። በሙሉ ኃይሏ ለመንቀሳቀስ ታገለች፣ ግን አንዲት ጣቷ እንኳ አልታዘዘቻትም። ደረጃውን ሲወጡ ሰልፈኛው «ነፍስ ይማር» እያለ መንገድ ለቀቀ፤ የምትሰማው ሁሉ ጥርት ያለ ነበር፣ የነጠላው ኮሽታ ሳይቀር።

መውጫው ላይ ዘበኛው አባተ አስቆማቸው። ያለ መልቀቂያ ወረቀት ሬሳ እንዳያሳልፍ ያስጠነቀቀችው ራሷ ናት። ወረቀት ጠየቀ። እልፍነሽ የሌላትን ትንፋሽ ይዛ ጠበቀች፤ በዚህ ዓለም የቀራት ተስፋ ያ ወረቀት አለመኖሩ ብቻ ነበር።

«ይለፉ፣ ተከፍሏል» አለች ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት፣ በእልፍነሽ ድምፅ፣ ቀና ብላ ሳታይ።