የታችኛው ድምፅ

እግዜር ለአንዳንዱ ቤት ሀብት ይሰጣል፣ ለአንዳንዱ ጤና። ለዌንዙና ለጂታ ቤት የሰጠው ግን ጆሮ ነበር። በማልታ ደሴት ደቡብ፣ ቢጫ የድንጋይ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት መንደር ውስጥ ከነሱ ቤት የበለጠ ድምፅ የሚሰማበት አልነበረም። ዌንዙ በሥራ ቀን ወደብ ላይ ጀልባ ይቀባል። ከዚያ በተረፈው ሰዓት ሁሉ ግን እንደ አባቱና እንደ አያቱ ለመንደሩ ቅድስት በዓል ርችት ይሠራል። ርችት የሚሠራበት ጎጆ ከመንደሩ ራቅ ብሎ ሜዳ መሃል ነው፤ ሰዉ «የእሳት ቤት» ይለዋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ብልጭታ እንዳይነሳ ናይሎን አይለብስም፣ ጫማው ሚስማር የለውም፣ ቁልፍ በኪሱ አይዝም። ዌንዙ በሄደ ቁጥር የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ፒያኖው ላይ ያስቀምጣል። ጂታ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ያንን ቀለበት ነው። ፒያኖው ላይ ካለ ባሏ እሳት ቤት ነው፣ ጣቱ ላይ ካለ ልቧ ይመለሳል። እንዲህ ስትኖር አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት።

ፒያኖውን የወረሰችው ጂታ ናት፣ ከአክስቷ። በልጅነቷ በፒያኖ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ተፈትና ነበር፤ ከዚያ ቤተሰቡ ተቸገረና ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች፣ ጣቶቿም እዚያው ቀሩ። ያልደረሰችበትን በልጇ በማርቴዝ ልትደርስበት ቆርጣ ተነሳች። ማርቴዝ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛውን፣ የመጨረሻውን ደረጃ ልትፈተን ነው። ያንን ወረቀት ከያዘች መምህሯ ሚስ ኢኔዝ ትንንሾቹን ተማሪዎች እንድታስተምር ልትሰጣት ቃል ገብታለች። ካልያዘች ደግሞ ያው የእናቷ የስፌት መኪና፣ ያው የእናቷ ወንበር ይጠብቃታል። ልጅቷ ከጧት እስከ ማታ ስኬል የሚባለውን የድምፅ መሰላል ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሚስ ኢኔዝ ስትመጣ ደግሞ ቁጣዋ አንድ ነው፤ ምን እንደሚንቀጫቀጭ ትጠይቅና ቀለበቱን ከፒያኖው ላይ ታነሳዋለች። ማርቴዝ ዝቅተኛውን ድምፅ ስትመታ ቀለበቱ እንጨቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበርና።

ዌንዙ ኖታ አያነብም። ግን ለልጁ ጆሮ የሰጣት እሱ ነው። የሌሎች መንደሮች በዓል ሲሆን ጣሪያ ላይ ያወጣትና ዓይኗን አስጨፍኖ ይጠይቃታል፦ ይሄ ስንት ተኩስ ነው? የቱ ቀድሞ ፈነዳ? ትንንሾቹ ሲንጣጡ ከሥራቸው ያለውን ትልቁን ለይታ ካላወቀች አያወርዳትም። «ከላይ የሚጮኸውንማ ማንም ይሰማዋል» ይላታል። «አንቺ የታችኛውን ስሚ።» አንድ ቀን ደግሞ ሳትጠይቀው ይህን ጨመረላት፦ የሰማዩን ፍንዳታ በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ፣ የምድሩን፣ የእሳት ቤቱን ግን በእግርሽ ነው የምትሰሚው፤ የምድሩን እንዳትሰሚ ለቅድስቲቱ ሻማ አበራለሁ። ምን ነበር ያንን ቀን ባያስተምራት!

የፈተናው ቀን ደረሰ። ዌንዙ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ለሥራ ባልደረቦቹ ያን ዕለት እሳት ቤት እንደማይገባ ነግሯቸው ነበር፤ ልጁ ከፈተናው ስትወጣ በር ላይ አባቷን ታያለች። ጧት ተነስቶ ታጠበ፣ የሠርጉን ሱፍ ለበሰ፣ እጁን በሎሚ ፈተገ፣ ቀለበቱን አጥልቆ ሳሎን ቆመ። ጂታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም ነበር። ፈተናው የሚሰጥባት የዋና ከተማዋ የቫሌታ ባለጸጎች ከነሐር ልብሳቸው፣ ከሎንዶን የሚመጣው ፈታኝ፣ ያ ረጅም ኮሪደር፣ ሁሉም በዓይኗ ላይ ዞረባት። ወደ ባሏ ጠጋ ስትል ሎሚውን አልፎ ያ የምታውቀው ሽታ መጣባት።

«ዌንዙ፣ አንተ ቅር።»

«ምነው?»

«ባሩድ ባሩድ ትሸታለህ። እዚያ የሚመጡት የማን ልጆች እንደሆኑ ታውቃለህ? እንግሊዙ ፊት አታሳፍራት።»

ዌንዙ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ብጫነት አልለቀቀም። አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ! «እውነትሽን ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ጆሮዋን ይዛ ትሂድ። እኔ እዚያ ውስጥ አለሁ።» ሱፉን አወለቀ። ቀለበቱንም አወለቀና ፒያኖው ላይ አስቀመጠ። ጂታ አየችው። «የት ልትሄድ ነው?» ልትለው አፏ ድረስ መጣ፣ ግን አውቶቡሱ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። ማርቴዝ ከፎቅ ወርዳ አባቷን ጉንጩ ላይ ሳመችው፤ ያለወትሮዋ ዓይኑን ሳታየው ወጣች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እውነት ነው፣ አይታሽም።

የፈተናው ሕንፃ ኮሪደር ቀዝቃዛ ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስም የምትጠራዋ ሴት ማርቴዝን አስገብታ በሩን ዘጋች። ጂታ መቁጠሪያዋን ይዛ ጆሮዋን ወደ በሩ ሰጠች። ሦስቱ ዜማዎች አለፉ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ጣት ሳተች እንጂ ልጅቷ ውብ አድርጋ ተጫወተች። ስኬሉ አለፈ። አይታው የማታውቀው ኖታ ተሰጣትና እየተደናቀፈች ግማሹን ስታደርስ ያ ነገር ሆነ።

ከጆሮ በፊት እግር ሰማው። የኮሪደሩ ንጣፍ ሥር የሆነ ነገር እንደ መገላበጥ አለ፣ መስታወቶቹ ተንሿሹ፣ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የመጣው፤ ከወደቡ ማዶ፣ ከደቡብ፣ የታፈነ ከባድ ድምፅ። ፒያኖው ቆመ።

ስም ጠሪዋ እያዛጋች ዛሬ ደግሞ የትኛው መንደር በዓል እንዳለው ጠየቀች። ከበሩ ውስጥም የፈታኙ ሳቅ ተሰማ፤ ይህ አገር ቅዱሳኑን መቼም እንደማያስተኛ እየቀለደ መስኮቱን ዘጋ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሁሉም ሰው ርችት መሰለው። ሁለት ሴቶች ብቻ አወቁ፤ አንዷ ከበሩ ወዲያ፣ አንዷ ከበሩ ወዲህ።

ጂታ ተነሳች፣ የበሩን እጀታ ያዘች። ትክፈተው? ከፍታስ ምን ትበላት? የልጅቷ የዓመታት ልፋት በአንድ ቃል ገደል ይግባ? ወይስ ዝም ትበል፣ ልጅ አባቷ በሚቃጠልበት ሰዓት ታዚም? አምላኬ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ምርጫ ለእናት ይሰጣል?… ያን ጊዜ ፈታኙ የጆሮውን ፈተና ጀመረ። ሦስት ድምፆች አንድ ላይ የሚሄዱበትን አጭር ዜማ መታና ማርቴዝ የታችኛውን ብቻ ለይታ እንድታዜም ጠየቃት። ጸጥ አለ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ ጥልቅ፣ አንዲት ኖታ ሳይስት እስከ መጨረሻው። የጂታ እጅ ከእጀታው ላይ ወረደ።

ማርቴዝ ስትወጣ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር።

«እማ፣ ሰማይ ላይ አልነበረም።»

«ርችት ነው ልጄ» አለች ጂታ። «ርችት ነው።»

ልጅቷ እናቷን አየቻትና ቀድማ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። ከሜዳው ላይ የተነሳው ጥቁር ጭስ ሲታይ ሾፌሩ ራዲዮኑን አጠፋ። መንደር ሲደርሱ የቤታቸው በር አንዱ ክንፍ ተዘግቷል፣ አንዱ ተከፍቷል፤ በዚያ አገር በር በግማሽ የሚዘጋው ለሐዘን ነው። ደጃፉ ላይ ቄሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሁለቱ የዌንዙ ባልደረቦች ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ተርፈዋል፤ እሳት ቤቱ ሲፈነዳ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር። የሬሳ ሳጥኑ ተቸንክሮ መጣ። ጂታ እነዚያን እጆች አንድ ጊዜ ብቻ አይታ፣ ስማ፣ ይቅር በሉኝ ልትላቸው ለመነች፤ ቄሱ ግን አንገታቸውን ደፉ። የሚታይ እጅ አልነበረም።

ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። ዓመት ሙሉ በሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማም፤ ራዲዮኑ ጨርቅ ለበሰ፣ ፒያኖው ተቆለፈ፣ ቁልፉ ጂታ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ቀለበቱን ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። ዙሪያውን አቧራ ሠራበት። ጂታ ከስታ ከስታ ልብሷ እንደ ሰው ልብስ ሰፋት። እህል ሲቀርብላት ያ የገዛ ቃሏ ትዝ ይላትና ሳህኑን ትገፋለች። ልቅሶ የሚደርሱት ሴቶች ዕድሉ ነው ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፣ በሆዷ ግን «ዕድሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ትላለች። ለማን ትናገረው? ለልጇ? ልጇ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን አታያትም። አውቃብኛለች ብላ ትፈራታለች።

መስከረም ሲገባደድ ሚስ ኢኔዝ ፖስታ ይዛ መጣች። ወጥ ቤት ቁጭ ብላ አነበበችላቸው። ማርቴዝ አልፋለች። አይታው የማታውቀው ኖታ ላይ ወድቃለች፤ የጆሮው ፈተና ግን አሥራ ስምንት ከአሥራ ስምንት። ከሥሩ ፈታኙ በእጁ ጽፏል፦ እንዲህ ያለ ጆሮ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም፣ ያስተማራት ሰው ሊመሰገን ይገባል። ሚስ ኢኔዝ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። እናትና ልጅ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቀሩ።

«ማርቴዝ… አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቀና አላለችም።

«ሊመጣ ነበር። ሱፉን ለብሶ ነበር። ባሩድ ትሸታለህ፣ አታሳፍራት ብዬ እኔ አስቀረሁት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ደረጃው ላይ ሆኜ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ጆሮዬን ታውቂው የለ።» ማርቴዝ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ወርጄ፣ ና አባዬ እንሂድ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እኔም አፍሬበት ነበር፣ እማ። ቀለበቱንም አይቼ ነው የወጣሁት።»

ጂታ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም። ልጇን ደረቷ ላይ ጨመቀቻት፤ ስንት ወር ሙሉ እያንዳንዳቸው በየግድግዳው ሥር ሸሽገው ያለቀሱት እንባ አንድ ላይ ወረደ። አንዷ ሌላዋን ስትፈራ፣ አንዱን ኃጢአት ለሁለት ተሸክመውት ኖረዋል!

«እሱ ተቀይሞኝ ሞተ» አለች ጂታ።

«አልተቀየመሽም። ከላይ የሚጮኸውን ማንም ይሰማዋል ይል አልነበር? ከላይ ‹ትሸታለህ› አልሽው። ከታች ግን ፈርተሽ ነበር፣ ለኔ ፈርተሽ። እኔ ደረጃ ላይ ሆኜ ከሰማሁት፣ እሱ አጠገብሽ ቆሞ አይሰማም?»

ጂታ ከአንገቷ ላይ የፒያኖውን ቁልፍ አወለቀችና ሰጠቻት። ሐዘኑ ሊወጣ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል፤ መንደሩ ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ። ማርቴዝ ፒያኖውን ከፈተች። ያን ቀን ያዜመችውን የታችኛውን መስመር ብቻ በግራ እጇ፣ ዝግ አድርጋ መታች። ቀለበቱ ከአቧራው መሃል ተንቀሳቀሰ፣ እንጨቱ ላይ መንቀጫቀጭ ጀመረ።

በግማሽ በተዘጋው በር የምታልፍ ጎረቤት ከሐዘን ቤት ዜማ ሰምታ ቆመች፣ አማተበች፣ አልተቆጣችም። የሰው ልጅ ፈተናው መቼ እንደሚጀመር አይነገረውም፤ ሌላ ኖታ አጥንቶ ይገባል፣ ሌላ ይጠየቃል። ጂታ ወንበር ስባ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ቀለበቱን ማናቸውም አላነሱትም።