የማርያማዊት ጠረጴዛ

መክብብ ፍፁም የሚባለውን ሰው በዓይኑ ሳያየው ጠላው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነበር። ማርያማዊት ሀዋሳ ፒያሳ ላይ ትንሽ ኢንተርኔት ቤት ነበረቻት። መክብብ ከፊት ለፊቷ ብስክሌት ይጠግናል። አንድ ቀን የእጁን ግራሶ ጠራርጎ ኢሜይል እንድታወጣለት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ሳይገባ መዋል አልሆነለትም።

ማርያማዊት በኢንተርኔት ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎችን ታሰባስብ ነበር። ገንዘብ አይያዝበትም፤ ኮምፒውተሩ በሚሰጠው የውሸት ብር ነው ጨዋታው። እሷ ግን ደንብ አወጣችለት። በኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ አስቀድሞ ሰላምታ ይጽፋል፤ የጠፋ ሰው ይጠየቃል፤ የተሳደበ ይወጣል። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ደበሌ ገቡ፤ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ጠሀ ተከተሉ። ቆይቶ ከሌላ ከተማም ሰው መጣ። ፍፁም የዲላ ልጅ ነው።

«የሐይቋ ልጅ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጽፋል።

ማርያማዊት አንብባ ትስቃለች። መክብብ አጠገቧ ካለው ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ያንን ሳቅ ይሰማል። እሱ ጎኗ ተቀምጦ መናገር ያቃተውን ሌላው ዲላ ሆኖ ይጽፈዋል።

«ፍፁም ጥሩ ካርታ ይዞ ነው ጨዋታውን የለቀቀልሽ» አላት አንድ ከሰዓት። «አውቆ ነው።»

«ካርታውን አይተኸዋል?»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ።»

«የት ታውቀዋለህ? ፎቶው ላይ ያለው አበባ ነው!» ሳቀች። «መክቤ፣ ቀናህ እንዴ?»

ጆሮው ጋለ። «የምን ቅናት! ጎማ ይዞ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» ብሎ ወጣ። የሚጠብቀው ሰው አልነበረም።

በነጋታው ወደ ኮምፒውተሯ ጠጋ ሲል ፍፁም የጻፈላትን አነበበ። «እንዳልሽኝ እሑድ ሀዋሳ እመጣለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ መክብብ መግባቱን ተወ።

እሷ ግን መንገዱን ተሻግራ መጣች። «የምነግርህ ነገር አለ።»

«ሥራ በዝቶብኛል» አለ፣ ከገለበጠው ብስክሌት ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። ጎማውን አሽከረከረው። ሲቆም እሷም ሄዳ ነበር።

እሑድ ጠዋት በአባቷ በአቶ ሽፈራው ቤት በኩል በብስክሌት ሲያልፍ፣ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ደበሌ ነጭ ጋቢ ለብሰው ወረዱ። ጋሽ ጠሀ ኮት አድርገዋል። ከኋላቸው ከረባት ያሰረ ረጅም ወጣት ወረደ፤ ፍፁም መሆን አለበት።

መክብብ ፍሬኑን ያዘ። ሁለት ሽማግሌና አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት፣ በእሑድ ጠዋት፣ ሴት ልጅ ካለበት ቤት! ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር እንደማይመጣ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለውም።

ብስክሌቱን በሩ ላይ ጥሎ ሳሎን ገባ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ቃል እንዳይሰጡ! እኔም ሽማግሌ እልካለሁ። አፌ ነው እንጂ የዘገየው፣ ከማንም በፊት የወደድኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጠሀ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«አንተ ልጅ» አሉ አቶ ሽፈራው፣ «ልጅህ ቁማርተኛ ሆነች ብለው ሰዎች ነግረውኝ ኢንተርኔት ቤቱን ልዘጋባት ነበር። እነዚህ የመጡት ገንዘብ የሌለበት ጨዋታ ነው ብለው ሊያስረዱኝ ነው።»

ማርያማዊት ከጓዳው በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። «የምነግርህ ነገር አለ ያልኩህ ይህንን ነበር» አለች። «አንተም አብረሃቸው እንድትመጣ።»

መክብብ ወደ በሩ ዞረ። ፍፁም ግን አልሳቀም። ከረባቱን ላላ አደረገ።

«ለካርታው ብቻ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላውን ከፋሲካ በኋላ ላነሳው አስቤ ነበር።»

አቶ ሽፈራው ልጃቸውን አዩ። እሷ ፍፁምን አየችው፤ አዘነችለት። ከዚያ ወደ መክብብ ዞረች።

«ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ ቀረህ?»

«አጠገብሽ ነበርኩ።»

«እኮ! አጠገቤ ሆነህ ስጠብቅህ ነበር።»

ጋሽ ደበሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አቶ ሽፈራው፣ ሌላ እሑድ ከምንደክም ለሽምግልናውም እዚሁ ተቀምጠናል እኮ።»

«አይሆንም» አሉ አባት። «ኢንተርኔት ቤቱ ይከፈት። ልጄን የሚፈልግ ግን በወጉ ይምጣ።»

ማርያማዊት እስከ ውጭው በር ሸኘችው። መክብብ ብስክሌቱን ከመሬት አነሳ፤ ለመውጣት ግን አልተቻኮለም።

«ፍፁም ከጠረጴዛው ይወጣል?» አላት።

«ምን አጠፋና? አይወጣም።»

ወደ ሳሎኑ መስኮት አየና ወደ እሷ ተመለሰ።

«እሺ» አላት። «ይቀመጥ።»

ማርያማዊት እጇን አንስታ መሪውን በያዘው እጁ ላይ አሳረፈችው።